የዝናሽ ቦታ

ጆንያ ሲራገፍ የሚሰማው ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል፤ ዷ፣ ዷ ይልና ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ዷ፣ ዷ። የቃጫው ሽታና የእህሉ ብናኝም አብሮ ይመጣና አፍንጫዬን ያሳክከኛል። ዛሬ መርካቶ ውስጥ የቃጫ ጆንያ የምታራግፍ ሴት አላይም፣ ሁሉም ላስቲክ ሆኗል፤ እኔ ግን በመንገድ ስሄድ እሰማውና ቆሜ ዘወር እላለሁ፣ ከኋላዬ ሸክም ይዞ የሚመጣው ልጅ «ፋዘር፣ ይለፉ እንጂ!» ይለኛል፣ እኔም እልፋለሁ።

እናቴ ጆንያ ተራ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች ነበር ያሳደገችን። አባቴን አላውቀውም፣ እኔ መዳህ ሳልጀምር ነው የሞተው። ቤታችን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች፤ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ ዝናሽና እኔ ባንድ አልጋ እግርና ራስ ሆነን እንተኛ ነበር። በበጋ፣ እህል በሚገባበት ወራት፣ ነጋዴው ባዶ ጆንያውን በክምር እያመጣ ሲጥል፣ የተራው ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያራግፉታል፣ ከዚያ ተደርድረው ተቀምጠው በትልቁ መርፌ ይሰፉታል፣ እየሰፉም ይዘፍኑ ነበር። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሳይዘፍኑ የሰፉ እንደሆነ ብናኙ ሳል ይሆናል ይሉ ነበር፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ።

እናቴ ከጉራጌ አገር፣ ከተወለደችበት መንደር፣ ይዛ የመጣችው አንድ የሙሽራ መሸኛ ነበራት። በሌላ መንደር ይኑር አይኑር አላውቅም፣ በእሷ መንደር ግን ሙሽራዋ ከቤት ወጥታ ቁልቁለቱን ስትወርድ ወደ ኋላ ሳትዞር «የሰፈሬ ሰዎች፣ አላችሁ ወይ?» ብላ ትጣራለች አሉ። ደጅ የቀሩት እያጨበጨቡ «አለን፣ አለን፣ አልራቅንም» ብለው ይመልሱላታል። እሷ እየራቀች ትጣራለች፣ እነሱም ይመልሳሉ። ድምፅዋ ጨርሶ ሳይጠፋ መልስ ማቆም ነውር ነው፤ እየተጣራች ዝም የተባለች ሙሽራ ወገን የላትም ማለት ነው። እናቴ ይህን ስትነግረን ዝናሽ ትስቅ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ የምዳረው እዚሁ ሸማ ተራ ቢሆንስ? እስኪመሽ ልታጨበጭቡ ነው?»

«እናጨበጭባለና፣ ምን ሥራ አለን» ትላታለች እናቴ።

ዝናሽ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልድ የምትወድ ተማሪ ነበረች። ሰፈሩ ውስጥ እንደሷ የሚያወጣ አልነበረም። ለመጣራት አፏን ከመክፈቷ በፊት በአፍንጫዋ አጭር ትንፋሽ ሳብ ታደርጋለች፣ ሊስቅ ሲል ሳቁን እንደያዘ ሰው። ይህን የሚሰማው አጠገቧ የቆመ ብቻ ነው። አጠገቧ የምቆመው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በደርግ ዘመን አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ የኪነት ኃላፊው ጓድ ታፈሰ ወደ ሰፈራችን መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ማስቲካ ከአፉ የማይጠፋ ወጣት ነበር። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ጆንያ ተራ፣ ሸማ ተራና አትክልት ተራ ባንድ ላይ የባህል ዘፈን እንዲያቀርቡ መታዘዙን ተናገረና ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ያቀናብሩት» አላት።

«ማቀናበር ማለት ምንድነው?»

«ሦስቱን አንድ ማድረግ ነው።»

«እንደ ጆንያ በለኛ!» አለችው፣ ሴቶቹ ሳቁ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአትክልት ተራዎቹ ጋሪ ገፊዎችና ተሸካሚዎች ናቸው፣ የሚያውቁት የሸክም ሆታ ብቻ ነው። የሸማ ተራዎቹ በእትዬ ዘይነባ የሚመሩ የወሎ ሴቶች ናቸው፣ ዜማቸው እየተሳበ የሚሄድ፣ ከበሮው ዘግይቶ የሚገባ ነው። የእኛ ጭብጨባ ደግሞ ይጣደፋል። መጀመሪያ ቀን ሦስቱ ባንድነት ሲነሱ የተሰማው ዘፈን ሳይሆን የገበያ ጫጫታ ነበር።

«ብርቄ፣ የእናንተ ጭብጨባ ሌባ የሚያሳድድ ነው የሚመስለው» አለች እትዬ ዘይነባ።

«የእናንተስ? ግመል እያዛጋ ሲሄድ!»

ያን ክረምት ሙሉ፣ ዝናቡ የምንለማመድበትን የእህል መጋዘን ቆርቆሮ እየደበደበው፣ እናቴ ስታስዘፍንና ስታስቆም ከረመች። በመጨረሻ ሁሉንም በጆንያው ምት ገራቻቸው፤ ሁለት ምት፣ ከዚያ እረፍት። ወንዶቹ ሆታቸውን ከሥር ይይዛሉ፣ የወሎዎቹ ዜማቸውን በላዩ ይጎትታሉ፣ የእኛዎቹ ያጨበጭባሉ፤ እረፍቷ ላይ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ዝናሽ ብቻዋን ትጣራለች፣ ከዚያ ሦስቱም ሰፈር ባንድ አፍ «አለን፣ አለን፣ አልራቅንም» ይላል። ሦስቱን የሰፋው ክር ዝናሽ ነበረች። ጓድ ታፈሰ ግጥሙ ስለ አብዮቱ ይሁን ብሎ ሲያስቸግር እናቴ፣ «የመሃሉን እንደፈለግክ አድርገው፣ ጥሪውን ግን አትንካብኝ» አለችው፣ ተዋት።

ነሐሴ ላይ ዝናሽ በጠራራ ቀን ውሃ ልትቀዳ ወደ ቦኖው ወጣችና አልተመለሰችም። አብዮት ጥበቃዎች በላንድሮቨር መጥተው ከወረፋው ላይ ተማሪ ተማሪውን እየለዩ ጭነው ሄዱ። ባልዲዋን እንደሞላ ያመጣችልን እትዬ ዘይነባ ናት፤ ደጃፋችን ላይ አስቀምጣው ተመለሰች። ያን ውሃ አልጠጣነውም፣ አልደፋነውምም።

እናቴ ስንቅ እየቋጠረች ወደ እስር ቤቱ ትመላለስ ነበር። ባዶውን ሳህን ሲመልሱላት ትስመዋለች፣ ልጄ በልታበታለች ብላ። አንድ ቀን ስንቁን እንዳለ መለሱላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ማልቀስ ግን አይቻልም፤ ለአናርኪስት ያለቀሰ እሱም አናርኪስት ነው ይባል ነበር። ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት የለም። እናቴ ያን ቀን ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፣ በማግስቱ ተነስታ ልምምድ ሄደች።

ሁለቱ ምት ተመታ፣ እረፍቷ ደረሰች፣ ጸጥ አለ። የሚጣራ የለም፣ ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው፣ ክረምቱን ሙሉ የለመዱት አፋቸው ቀድሟቸው፣ ሁሉም ባንድ ላይ «አለን፣ አለን፣ አልራቅንም» አሉ። የደነገጡት ካሉት በኋላ ነው። አንድ ጋሪ ገፊ ቆቡን አወለቀ። እናቴ እጇን እንዳነሳች፣ ሩቅ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ቆየችና፣

«ድገሙት» አለች።

በዓሉ ሲቃረብ ጓድ ታፈሰ አንዲት ልጅ አስከትሎ መጣ፣ የዝናሽ የክፍል ጓደኛ ነበረች። «ይቺ ትጣራ» አለ። ልጅቷ እኔ አጠገብ መጥታ በዝናሽ ቦታ ቆመች።

«የኔ ልጅ፣ ቦታው ሰው አለው» አለቻት እናቴ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደሚባለው፣ ረጋ ብላ።

ጓድ ታፈሰ ማስቲካውን ተፋ። «ስሚ ብርቄ፣ ከሌለ ሰው ጋር ነው እንዴ የምትዘፍኚው? እኔንም ልታስበይኝ ነው? ወይ ይቺ ልጅ ትጣራለች፣ ወይ አንቺም ልጅሽን ትከተያለሽ!»

«የት ነው የምከተላት?»

የካኪውን ኮሌታ አቃና።

«ንገረኛ! እነዚህ ሁሉ እየሰሙ፣ ሞታለች በለኝ። አንተ በአፍህ ሞታለች በለኝና ደረቴን ልምታ፣ ቦታዋንም ለዚህች ልጅ ልልቀቅ። እኔን ስንቅ አታምጪ ነው ያሉኝ፣ ሞታለች ያለኝ ሰው የለም። ካልሞተች እየተጣራች ነው። እየተጣራች ዝም አልላትም።»

ያን ቃል ከመንግሥት ሰው አፍ ማውጣት አይቻልም ነበር። ካወጣው ለቅሶ ፈቀደ ማለት ነው። ጓድ ታፈሰ እግሩ ሥር ያለውን ጭቃ በጫማው ፋቀና ልጅቷን «ነይ እንሂድ» አላት። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን ሳያዞር፣ «የዜማ እረፍት ነው ይበሉ፣ ማንም ቢጠይቅዎት» አለ።

መስከረም ጠብቷል፣ በዓሉ የሚከበርበት ሜዳ ጭቃው ገና አልደረቀም። ባንዲራው፣ ቀዩ ጨርቅ፣ ወንበር ላይ የተደረደሩት ባለሥልጣኖች፣ ከኋላ የመርካቶ ሕዝብ። ሦስቱ ሰፈር ተሰልፎ ቆመ፣ እኔ ከፊት ነኝ፣ ከቀኜ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው። ወንዶቹ ሆታቸውን ያዙ፣ ከበሮው ገባ፣ ሁለቱ ምት ተመታና ጸጥ አለ። «አለን፣ አለን፣ አልራቅንም።» ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ሁለተኛው ላይ ከኋላ አንዲት ሴት አብራን መለሰች። ሦስተኛው ላይ ብዙ ሴቶች መለሱ፤ ልጅ የተወሰደበት ያን ጊዜ እኛ ብቻ አልነበርንም። ወንበር ላይ ያሉት አጨበጨቡ፣ ሕዝቡን ያሳተፈ አዲስ አቀራረብ መሰላቸው።

እኔ የምቃዥ ሰው አይደለሁም፣ የሌለ አላወራም። ግን በመጨረሻዋ እረፍት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ባለበት፣ ከቀኜ በኩል ያቺን አጭር ትንፋሽ ሰማሁ። ዞር አልልም ብዬ አንገቴን አደረቅኩ። ሲያልቅ ወደ እትዬ ዘይነባ ሮጬ «እትዬ፣ ዝናሽ...» ስላት በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ «አንተም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አንስተነው አናውቅም።

ደርግ ሲወድቅ እናቴ አርጅታ ነበር። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ብርቄ፣ አሁን ማን ይከለክልሻል፣ ተቀምጠን እናልቅስላት» ቢላት፣ «ማን መጥቶ ነገረኝ?» ብላ እንቢ አለች። ብቻዋን ስትሆን ቤት ውስጥ ጉልበቷን ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ ታርፋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከሥራ ስመለስ ይህን ከሰማሁ መልሳ እስክትጨርስ ደጅ ቆሜ እጠብቃት ነበር። እሷን ግን ቀበርኳት፣ ድንኳን ተክዬ፣ አልቅሼ።

ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። በቀደም የሰፈሩ ወጣቶች እዚያ ፎቅ ላይ የድሮ ዘፈን ይለማመዳሉ ተብሎ፣ ጎረቤቶቼ ሽማግሌ ነህ ስማላቸው ብለው ጠሩኝ። ከየተራው የተሰባሰቡ ልጆች ናቸው። ያን ዘፈን ከሠርግ ሠርግ ሲዞር አግኝተውት ነው፣ ከማን እንደመጣ አያውቁም። ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፣ ጸጥ አሉ፣ መለሱ። እንደዚያው ነው፣ ምንም አልተነካም። ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እቺ ጋ ባዶ ሆነች እኮ፣ በኦርጋን ልሙላት?» አለኝ።

«ተዋት፣ ቦታው ሰው አለው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ግን አልሞላትም።

ያኔ እኛ ስንመልስ ለማን እንደምንመልስ እያወቅን፣ ፈርተን ነበር የምንመልሰው። እነዚህ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ እየተሳሳቁ ይመልሳሉ። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ከቀኜ በኩል ቦታ ለቀቅኩ፣ ልጆቹም ከመጀመሪያው ጀመሩት።