አፏን እስክትከፍትልኝ

ዛሬ መርካቶ ወፍጮ ቤት ቆሜ፣ ስድስት ወር ለሞላት ልጄ የገንፎ ምጥን እህል ሳስፈጭ፣ የተቆላው አጃ ሸተተኝና አንድ የድሮ ቀን ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ለመጀመሪያ ጊዜ የአጃ አጥሚት ስትግተው አጠገቧ ነበርኩ። መዳፏን ከንፈሩ ሥር አስጠግታ ታፈስበታለች፤ እሱ እያለቀሰ ይውጣል። ድንገት ትን አለው፤ ድምፁ ጠፋ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከእጇ ነጥቀው በሆዱ ደፉትና ጀርባውን መቱት። እሱ ሲጮኽ እናቴም አለቀሰች።

«ምን አስቸኮለሽ ልጄ? አፉን እስኪከፍትልሽ ጠብቂው እንጂ!» አሏት።

«ባይከፍትስ፣ እትዬ?»

እሳቸው አፉን ጠረጉለት።

ይኸው ቤት ገብቼ፣ ማንኪያውን ይዤ ልጄ ፊት ተቀምጫለሁ። ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው። የሷ አፍ ግጥም ብሏል፤ የተከፈተው የእኔ ነው።