የትርንጎ «አንቱ»

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄን እንጅባራ ትምህርት ቤቷ ሳደርሳት የጠመኔና ዝናብ ያረጠበው ሹራብ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ገባ ብዬ ባይ ወንበሩ ክብ ሠርቷል፣ ልጆቹ ያሻቸውን ይዘው ይርመሰመሳሉ፣ አንዱ ጩጬ አስተማሪውን «አንተ፣ ና እየው» ይለዋል። አስተማሪውም ተንበርክኮ አየለት። ከዚያን ቀን ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ከበር መስኮት ስመላለስ ሚስቴ ምን ነካህ ትለኛለች።

በኛ ጊዜ፣ ዳንግላ፣ አግዳሚው ሁሉ ፊቱ ወደ ሰሌዳው ነበር፤ መምህር አድማሱ ይላሉ፣ እኛ ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ እንደግማለን፣ ምን እንዳልን ግን አንዳችንም አናውቅም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ትርንጎ አፏን የፈታችው በአገውኛ ነውና «አንተ» እና «አንቱ» ይምታቱባት ነበር። እኔን፣ አፍንጫዬን እንኳ በወጉ የማልጠርገውን፣ «አንቱ፣ እርሳስዎን ያውሱኝ» ትለኛለች፤ መምህሩን ደግሞ «አንተ»። እኔ እንደ ባላባት ስኮፈስ እሷ በአርጩሜ ትገረፋለች። አባቷ ሌላ ቀን እያለቀሰች ከመጣች ትምህርቱ ቀርቶ ትዳራለች ብለው ስለቆረጡ፣ ምስኪን፣ ጭራሽ መናገር ተወች።

ከዚያ መምህር አድማሱ ታመሙና አንድ ወጣት ተተካ። አግዳሚዎቹን አዙሮ ፊት ለፊት ካስቀመጠን በኋላ ምን ማወቅ እንደምንፈልግ ጠየቀን፤ እንዲህ ተጠይቀን ስለማናውቅ ወጥመድ መሰለን። ትርንጎ ግን ሳታስበው አመለጣት፦ «አንተ፣ ፈረስ ለምን ቆሞ ይተኛል?»

አርጩሜ ስንጠብቅ፣ «እኔም አላውቅም፣ ሄደን እንየው» ብሎ ጋሪዎቹ ወደሚቆሙበት ይዞን ወጣ። እዚያ ትርንጎ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአገውኛ፣ የፈረሱን ጉልበት እየነካካች የመሰላትን ስታስረዳ እሱም ከኛ ጋር ቁጢጥ ብሎ ሰማት። ከዚያ ወዲያማ ማን ያስቁማት፤ ጥያቄዋ አያልቅም ነበር።

መምህር አድማሱ ድነው ሲመለሱ አግዳሚዎቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ትርንጎ ለምዳለችና በጠዋቱ እጇን አውጥታ፣ «አንተ፣ ዝናብ...» አለች። አርጩሜው ስለቀደማት የቀረውን አልሰማነውም፤ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ አጠገቤ ማንም አልነበረም፤ ስለ ዝናብ ምን ልትጠይቅ እንደነበር ዛሬም ሲያብሰለስለኝ ይውላል።

ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ መሥሪያ ቤት ገብቼ ከረባት ማሰር ከጀመርኩ በኋላ፣ ዳንግላ ገበያ ላይ ልጅ አዝላ ድንች ስትሸጥ አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ፈገግ አለች፣ ወዲያውም ፈገግታዋን ሰብስባ ነጠላዋን አስተካክላ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«አንቱ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ።

በልጅነታችን እንዲህ ስትለኝ ተሳስታ ነበር። ያን ቀን ግን አልተሳሳተችም።