አባቴ የገጠመው ካቴና

አባቴን ያዋረድኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙም አልደከምኩም። ያደግኩት እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ስምንት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ሰው በጡጫ አይመታም፣ በአፍ ነው የሚመታው። እኔ ደግሞ በዚህ የምታማ አልነበርኩም።

አባቴ ዕድሜውን ሞተር ሳይክል ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው። ጡረታ ከወጣ፣ እናቴም ካረፈች ወዲህ የቀረው ነገር ቢኖር የግቢው ሰው የተበላሸ ዕቃ ነበር። ካውያው፣ ስቶቩ፣ የማይከፈተው ቁልፍ፣ የማይዘጋው ጃንጥላ መስኮቱ ደፍ ላይ ተራ ይዘው ይጠብቁታል። ዋጋ አይጠይቅም። «ጋሼ፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ» ሲሉት ፊቱ ይበራል፣ ያ ይበቃዋል። ይህን ቢነጥቁት ምንም እንደማይቀረው አውቅ ነበር። ይህን የምናገረው ሳላውቅ አደረግኩት እንዳልል ነው።

እኔ በሞተር ሳይክል ዕቃ አደርሳለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። የሞተሬ ካቴና ረግቦ ከጥርሱ ላይ መዝለል ሲጀምር አዲስ ገዛሁና አንድ እሁድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልቀይረው ተቀመጥኩ። አባቴ ሳልጠራው በርጩማውን ይዞ መጣ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ እጅ ሳልቀልድ የዋልኩበት ቀን የለም። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ከፈሰሰበት «መሬቱም ጠምቶት ኖሯል» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ሥራው ግን ንጹህ ነበር። አሮጌውን ካቴና ፈትቶ አልጣለውም፤ የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አያያዘና አሮጌውን በቀስታ ሳበው። አዲሱ ተከትሎት በፊተኛው ጥርስ ዞሮ ወጣ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በማገናኛው ገጠማቸውና ማገናኛውን የሚይዘውን ክሊፕ አነሳ። ክሊፑ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ስስ ብረት ነው፤ አንዱ ጫፉ ድፍን፣ ሌላው ክፍት። ድፍኑ ካቴናው ወደሚሄድበት መዞር አለበት። ከተገለበጠ ግን በጉዞ ላይ ይነቀልና ካቴናው ይለቃል። አባቴ በፒንሳ ሊያስገባው ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቴም መሬት ወደቀበት። በአራተኛው ቀጭ አለ። ልብስ ታሰጣ የነበረችው ጎረቤታችን «እሰይ ጋሼ» አለችው። ጎማውን በእጁ አሽከርክሮ አየውና ግራሶውን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎማው ሲቆም ክሊፑ ከታች በኩል ነበር፤ ድፍኑ ጫፉ ወደ ኋላ ዞሯል። ስልኬን አውጥቼ ያየሁት ቪዲዮ ደግሞ ድፍኑ ወደ ፊት ይሁን ነው የሚለው። ሽማግሌው ገለበጠው አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። በካቻቢቴ ፈልቅቄ አዞርኩት።

በማግስቱ ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ስወጣ ዳገቱ መሃል ላይ ካቴናው ተላቀቀ። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው አይሄድም። ወደ ኋላ ስንሸራተት ከኋላዬ ያለ ሚኒባስ ሊውጠኝ ትንሽ ቀረው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለና «ወንድሜ፣ በሬ እንጥመድልህ?» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ሞተሬን እየገፋሁ ቤት እስክደርስ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም፤ የማራግፍበት ሰው ብቻ ነበር የምፈልገው።

አባቴ በራችን ላይ የዚያችን ጎረቤታችንን ስቶቭ ፈታትቶ ተቀምጧል። ሴትየዋም፣ ሌሎቹም ግቢ ውስጥ ነበሩ። የተላቀቀውን ካቴና እግሩ ሥር ወረወርኩት። ምን ሆነህ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ይቺን እጅህን ለጉርሻ ብቻ ተጠቀምባት» አልኩት።

ሳቁ። አይፈረድባቸውም፣ አሳምሬ ነው ያልኩት። አባቴ ካቴናውን አነሳና ጫፉን አገላብጦ አየው። ክሊፑ የለም። አንገቱን ደፍቶ ወደ ስቶቩ ተመለሰ። እኔ አንገት መድፋቱን ጥፋቱን እንደማመን ቆጠርኩት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በነጋታው ሴትየዋ ስቶቯን ልትወስድ መጣች። «እንዳይደክሙ ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለችውና የተፈታታውን ሁሉ በፌስታል ሰብስባ ሄደች። ትህትናዋ ከኔ ስድብ የባሰ ነበር። በሳምንቱ ካውያው ሄደ፣ ቁልፉም ሄደ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከግቢው በር ያለው ሻይ ቤት ሳይቀር «ጋሼ ጉርሻ» ይሉት ጀመር። መስኮቱ ደፍ ላይ የቀረው አቧራ ብቻ ሆነ። በጎህ ይነሳ የነበረው አባቴ አርፍዶ መነሳት ለመደ።

የተላቀቀውን ካቴና ያን ጊዜ ጋራዥ አስገጥሜው ነበር፤ ከስምንት ወር በኋላ እንደገና ካቴና ስቀይር ግን ብቻዬን ነበርኩ። ክሊፑን ከላይ በኩል፣ ድፍኑን ወደ ፊት አድርጌ ገጠምኩት። ጎማውን አሽከረከርኩ። ክሊፑ ዞሮ ከታች ሲመጣ ድፍኑ ወደ ኋላ ሆነ። አላመንኩም፣ ደግሜ አዞርኩት። ከላይ ወደ ፊት፣ ከታች ወደ ኋላ። ለካ ካቴና ከላይ ወደ ፊት ሄዶ ከታች ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ምን ምርምር ያስፈልገዋል? አባቴ የገጠመው ልክ ነበር፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ወዲያው ገብቼ ነገርኩት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አውቃለሁ፤ ስትገለብጠው ከቧንቧው ጋ ሆኜ አይቼሃለሁ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ልሞት እችል ነበር፣ እያየህ እንዴት ዝም ትለኛለህ ብዬ ጮህኩበት። ጥፋተኛውም እኔ፣ ተቆጪውም እኔ።

«አንተ ስልክህ ላይ አይተሃል» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እንግዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አትችልም ስትለኝ፣ እውነትም ጠፍቶብኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ለግቢው ሰው እንድነግርለት። እሺ አልኩት። አልነገርኩም። ዛሬ ነገ ስል፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ደርሰን ሁሉም ድንኳን ውስጥ ተሰብስበው ነበር፤ አባቴ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሰው ለማዋረድ ታክቶ የማያውቀው አፌ ያን ቀን ተሳሰረ። ብናገር ቀጥሎ የሚሳቀው በኔ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በኋላ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። በጥቂት ቀን ውስጥ ስምንቱም አባወራ ዕቃውን ጭኖ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሴትየዋ የት እንደገባች እንኳን አላውቅም። አባቴን ሳዋርድ የሰሙኝ ሁሉ የሰሙትን ይዘው ሄዱ።

አሁን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እዚህ ማንም አያውቀንም። ባለፈው ሳምንት የፊት ለፊት ጎረቤታችን ስቶቭ ይዛ አንኳኳች፤ አባቴ የድሮ መካኒክ መሆኑን ከጥበቃው ሰምታ ኖሯል። አባቴ ስቶቩን አየው። እጁ ወደ ገመዱ ሄደ፣ ሊነካው ሲል ቆመ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። «አባዬ፣ ትችላለህ» ብል ይበቃ ነበር።

«የኔ እጅ ለጉርሻ ብቻ ነው፣ ልጄ» አላት ፈገግ ብሎ።

ጎረቤታችን ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።