የወርቅ መመዘኛው ቤት ወለል

ከሚዛን ተፈሪ ራቅ ብላ ያለችው መንደራችን ወርቋ ካለቀ ቆይቷል። የቀሩት ወርቅ ይመዘንባቸው የነበሩት አሮጌ የዋንዛ እንጨት ቤቶች ናቸው። ሲመዘን የረገፈው ብናኝ ወለሉ ውስጥ አለ እያሉ ሰዎች አፈሩን ይቆፍሩና ወንዝ ወስደው ያጥቡታል። እንዲህ ተቆፍረው ሁለት ቤቶች ወድቀዋል። ወርቅ ያገኘ ሰው ግን አላየሁም።

ሦስተኛው ቤት እኔና እናቴ የምንኖርበት ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ዶማ ይዞ መጣ። እናቴ ወንድሟን ትፈራለች። እኔም ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰሌዳ ፊት መቆም ስለሚያስጨንቀኝ ነው። ያን ቀን ግን ሰሌን ዘርግቼ ወለሉ መሐል ተቀመጥኩ።

“ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ልጅ” አለኝ አጎቴ።

“አልነሳም፣ ጋሼ።”

“ዛሬ ደግሞ አፍ አወጣሽ? ወርቅ ላይ ተቀምጠሽ ልትራቢ ነው?”

ጎረቤቶቹ ሳቁ።

“ልራብ። እነዚያ ቤታቸውን ያፈረሱትስ መች ጠገቡ?”

እናቴ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። አጎቴ እህቱን ገፍቶ መቆፈር አልሆነለትም፤ እየተነጫነጨ ወጣ። እመለሳለሁ ብሏል። ይምጣ፤ እዚሁ ነኝ።