የሃምሳ አለቃው መቶ ሜትር

እታለም ተቀምጣ ምሳ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ታላቅ እህቴ ናት፤ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ ሁለቱን ራሷ በተማረችበት ትምህርት ቤት ስፖርት ስታስተምር አሳልፋለች። ቆማ ትበላለች፤ እየተንጎራደደች ስልክ ታወራለች፤ ሰው ቤት ሄዳ ተቀመጪ ሲሏት ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ ትልና ወዲያው ዕቃ ላንሳ ብላ ትነሳለች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "እኔ ያገባሁት ነፋስ ነው" እያለ ያማርር ነበር። እኔም አጠገቧ ስሆን አንድ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላገኘውም።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሩጫ ነው። ልጆች ሳለን ስፖርት ማለት ሰልፍ ነበር። መምህሩ ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የሚያውቁትም የሚያስተምሩትም ግራ ቀኝ መዞርና ቁጭ ብድግ ብቻ። ሴቶቹ በዚያ ክፍለ ጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጥልፍ ይሠሩ ነበር። እታለም አንድ ቀን ጥልፏን ወርውራ ወንዶቹ መካከል ተሰለፈች። ሃምሳ አለቃው በጉልበታቸው የሚተማመኑትን ልጆች ልከው ሊያስይዟት ቢሞክሩ አንዱም አልደረሰባትም። ሰውየው ተናደው ሲያበቁ ሳቁ፤ በማግስቱም ሰዓት ሊይዙባት መቶ ሜትር ለኩ። የለኩት በእግራቸው ነው። የወታደር እርምጃ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ መቶ ሠላሳ ሦስት እርምጃ መቶ ሜትር ይሞላል አሉና እየቆጠሩ ሄደው በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ቀበሩ። የሃምሳ አለቃን እርምጃ የሚጠረጥር ማን አለ?

በዚያ ሜዳ ላይ እታለም በአሥራ ሁለት ሰከንድ ከአራት ገባች። ሰዓቷ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም ተጻፈ። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ወደሚወዳደሩበት ትልቅ ስታዲየም ተላከች፤ አባታችን ከሥራ አስፈቅዶ፣ እኔም ጀርባው ላይ ሆኜ ሄድን። አሥራ ሦስት ከሦስት ሮጣ አምስተኛ ወጣች። ቤት ስንደርስ አባታችን ለእናታችን "ሰው ፊት ፈራች" አላት። እታለም ሰማች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክማ ኖራለች።

መምህርት ከሆነች በኋላ ትምህርቱ ስንቴ ተገለባበጠ! ሰልፉ ቀረና በየበዓሉ ሺህ ልጅ ባለቀለም ካርቶን እያነሳ የሚታይበት ትርኢት መጣ። ቀጥሎ ትርኢቱ ጊዜ ማባከን ነው ተባለና ኳስ ብቻ ሆነ። ኳሱ መስኮት ሲሰብር መጽሐፍ ታተመ፤ ልጆች ተቀምጠው የስፖርትን ታሪክ አጥንተው ይፈተኑ ጀመር። እታለም ያን ፈተና ስታርም እንኳ በክፍሉ ውስጥ ትዞራለች። በዚህ ሁሉ መሀል ያልተለወጠው በየዓመቱ ኖራ የሚቀባው የሩጫ መስመር ብቻ ነው። ሌላም ያልተለወጠ ነገር ነበር፦ ተማሪዎቿ እዚህ ፈጥነው ሌላ ሜዳ ሲሄዱ ይዘገያሉ። እሷም ምክንያቱን ከራሷ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስላትም፤ "ፍርሃት ነው" ትላቸዋለች። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት አንዷን፣ ከሁሉም ጎበዟን፣ በጠዋቱ የባንዲራ ሰልፍ ፊት አስወጥታ "ፈሪ" ብላታለች። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲያ አልሮጠችም። አሁን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ልብስ ሰፊ ናት።

ዘንድሮ የትምህርት ቤቶቹ ውድድር በእህቴ ትምህርት ቤት ይደረግ ተባለና የሜዳው ልክ በባለሙያ ተረጋግጦ ይቅረብ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ድንበር ስለካ የእህቴን ሜዳ አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ሜትሬን ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ዘረጋሁ። ዘጠና ሦስት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር። ደገምኩት፤ ያው ነው። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው ትዝ አሉኝ፤ ጉልበታቸውን ጥይት መቷቸው ያነክሱ ነበር፤ እኔም አካሄዳቸውን አስመስዬ ተገርፌበታለሁ። እርምጃቸው አጥሮ ሰባ ሳንቲ ሜትር ሆኗል፤ እሳቸው ግን የሚቆጥሩት የድሮውን ነው።

ልዋሽላት አስቤ ነበር። ድንጋዩን በጓሮ በኩል ገፋ አድርጌ ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ከኋላዬ ቆማ ሜትሩን አንብባለች። የኖራውን የወረቀት ከረጢት ገልብጣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ታሰላ ጀመር። ሲያልቅ ከረጢቱን ሰጠችኝ። እዚህ የሮጠችው አሥራ ሁለት ከአራት ሜዳው ሙሉ ቢሆን አሥራ ሦስት ከሦስት ይመጣል።

"ያው ነው የሮጥኩት" አለች። "እዚያም እዚህም ያው። አልፈራሁም ነበር።"

ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። ከረጢቱን ነጥቃኝ የልብስ ሰፊዋን ሰዓት አሰላች፤ የሷም ልክክ አለ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ እየዞረች እንደዚያችው ፈሪ ያለቻቸውን፣ እኔ የማላውቃቸውን ልጆች ስም ስትጠራ ዋለች። ያ ቀን እንዴት እንደመሸ እኔ ነኝ የማውቀው።

ረቡዕ አብሬያት ልብስ ስፌት ቤቱ ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ የሱሪ ጫፍ በመኪና ትሰፋለች። እታለም ከመግባቷ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት፤ ድንጋዩን፣ እርምጃውን፣ ሰባቱን ሜትር፣ ይቅር በዪኝም አለቻት። ሴትዮዋ የስፌት መኪናውን አቆመች።

"ቲቸር፣ ያኔ ፈሪ ያሉኝ ስድስት መቶ ተማሪ ፊት ነው" አለቻት። "አሁን ለብቻዬ ለምን ይነግሩኛል?"

ወጣን። ሰው ሁሉ ፊት ልትናገር እንዳሰበች ገባኝና መንገድ ላይ ዳይሬክተሩ አይፈቅድም፣ ወላጅ ይስቃል፣ ጡረታሽ ጥቂት ዓመት ነው የቀረው እያልኩ ብዙ ለፈለፍኩ፤ አልሰማችኝም።

ቅዳሜ የአዲሱ መስመር ኖራ ገና አልደረቀም። አምስት ትምህርት ቤት ከነወላጁ ሜዳውን ሞልቶታል። ዳይሬክተሩ የመክፈቻ ንግግሩን ሲጨርስ እታለም ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰደች። ሜዳው ሰባት ሜትር ጎድሎ እንደኖረ ተናገረች፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን በሙሉ ስሟ ጠራች፤ ፈሪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ፈሪ አልነበረችም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ሳቁ ቆመ። ቀጥላ የሌሎቹን ስም አንድ በአንድ መጥራት ያዘች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ትውጠዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

አጠገቤ ሰው መቆሙን ያወቅኩት ሲያናግረኝ ነው። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ሜትሯን ከአንገቷ እንኳ አላወረደችም።

"ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል" አለችኝ። "ፈርተው ነው?"

"አዎ" አልኳት፤ "ፈርታ ነው።"

የመጨረሻው ስም እስኪጠራ ድረስ ቆማ ሰማች።