ባዶ የወጣው ጄል

እኔ የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ነኝ። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያልተመቸው ጆሮውን ይድፈን።

ነባሯ ባለሙያችን እትዬ፣ ዲኤንኤ የሚለይበትን ጄል መሥራት ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የአጋሮሱን ዱቄት በማይክሮዌቭ ያፈላሉ፤ ጠርሙሱን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «አሁን ደረሰ» ካሉ ሳህኑ ላይ ይገለብጡታል። ሲረጋ የናሙና ጉድጓዶቹን የሚያወጣውን ማበጠሪያ የሚነቅሉት ከሕፃን እግር እሾህ እንደሚያወጣ ሰው ነው። አንዲት ጉድጓድ ተቀድዳባቸው አታውቅም። ስለ ራሳቸው ግን ትንፍሽ አይሉም።

አዲስ የተቀጠረችው ምሩቋ ስትመጣ የጠብታ መምጠጫውን ፒፔት መያዝ እንኳ አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው አቁመው አሠለጠኗት፤ ምሳቸውንም ያካፍሏታል። እሷም «እናቴ» ነው የምትላቸው። እኔ ያቺን ማር ምላስ አላመንኳትም፤ ግን ዕቃ አጣቢን ማን ይሰማል?

ያን ቀን ከሩቅ የመጣ የታመመ ሰብል ናሙና ነበር። የቀረችው ጠብታ ለአንድ ጄል ብቻ የምትበቃ ናት። እትዬ ናሙናውን በየጉድጓዱ ጨምረው በረዶ ሊያመጡ ሲወጡ «ሽቦውን ሰክተሽ አስነሺው» አሏት። ሕጉ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ዲኤንኤ ወደ ቀዩ ሽቦ ይሮጣል። ጥቁሩ በጉድጓዶቹ በኩል፣ ቀዩ በማዶ። ምሩቋ ስልኳን እያየች ሰካችው። ስትሰካው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እትዬም ሲመለሱ አምነዋት ዞር ብለው አላዩትም።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጄሉ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ዲኤንኤውን በሚያሳየው ሐምራዊ መብራት ላይ ወጣ። ባዶ! የናሙናው መስመር ይቅርና ለማነጻጸሪያ የተጨመረው እንኳ የለም። እትዬ ሽቦውን አዩት። ቀዩ በጉድጓዶቹ በኩል ነው። ያ ሁሉ ዲኤንኤ ወደ ኋላ ሮጦ፣ ከጄሉ ወጥቶ ጄሉ የተኛበት ውሃ ውስጥ ቀርቷል።

ምሩቋ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እናቴ፣ ጉድ ሆንኩ! ያባርሩኛል!»

«ተነሺ ልጄ። ዞር ብዬ አለማየቴ የኔም ጥፋት ነው። ነገ አብረን ገብተን እንናገራለን» አሏት።

አብረን? አይ የዋህነት! እሷ በማግስቱ ማልዳ ብቻዋን አለቃው ቢሮ ገብታለች።

አለቃው ሁላችንንም ሰበሰቡን። «ሽቦውን የገለበጡት እርስዎ ነዎት ተብያለሁ» አሏቸው እትዬን። «ዓይንዎን እየታከሙ ነው አሉ። ቀይና ጥቁር መለየት አቅቶዎታል?»

«ኧረ የሰካችው እሷ ናት! አጠገቧ ማበጠሪያ እያጠብኩ ነበር!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ብርጭቆሽን እጠቢ» አሉኝ።

እትዬ ወደ እኔም ወደ አለቃውም አልዞሩም። ምሩቋን ብቻ ነው ያዩት። «ሐኪም ቤት ይዘሽኝ የሄድሽው አንቺ አይደለሽም? ሐኪሙ የዓይን ሞራው ገና ጅምር ነው፣ ቀለም በደንብ ይለያሉ ሲለኝ አብረሽኝ አልሰማሽም?»

ምሩቋ ጫማዋን ታያለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚያዛውራቸው ደብዳቤ ደረሰ። ጋዋናቸውን ሲያጣጥፉ አጠገባቸው ቆሜ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ያጣጥፋሉ።

«እትዬ፣ ዝም አይበሉ! ይክሰሱ፤ የትም ቆሜ እመሰክራለሁ!» አልኳቸው።

«ሥራውስ ይቅር» አሉኝ። «የዓይኔን ነገር እኮ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም ነበር።»