አባባ የዓሣውን ሣጥን የደፈነ ቀን

ሰም ሲቀልጥ ከሸተተኝ ሰው እያናገረኝም ቢሆን አልሰማውም። ያ ከማር ጋር የተቀላቀለ ወፈር ያለ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ጂንካ ነኝ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤታችን ውስጥ ነኝ። አባቴ በአሮጌ ድስት ሰም ያቀልጣል። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ አራስ ናት። ወንድሜ ታምራት ሞቷል፤ እናቴ ግን አልሰማችም።

የዓሣውን ሣጥን የሠራው ታምራት ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ደጋግሞ ሲወድቅ ትምህርቱን ትቶ ገበያው አጠገብ ካለ አናጢ ዘንድ ሥራ ይለማመድ ጀመር። አንድ መሥሪያ ቤት መስኮቶቹን ሲያስቀይር የተጣለውን መስታወት ለቃቅሞ አመጣ፣ ከዋንዛ እንጨት ፍሬም ሠራለት፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞላና አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ከዚያ ከነሪ ወንዝ በአጎበር ቁራጭ የጠለፋቸውን ጣት የማያህሉ አመድማ ዓሣዎች ጨመረበት። ቴሌቪዥንን በወሬ ብቻ በምናውቅበት በዚያ ዘመን እኛ ቤት ሰው የሚሰበሰበው ዓሣ ለማየት ነበር። ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱ የበና ጎረምሶች በራችን ላይ ቆመው በቋንቋቸው እየተነጋገሩ ይስቃሉ፤ ዓሣ መብላቱ ራሱ ለማይዋጥላቸው ሰዎች ዓሣ መቀለብ ምን እንደሚመስላቸው እናንተው ገምቱት። አባባም ቢሆን አይምርም። "ሰው ላም ያረባል፣ በግ ያረባል፤ የእኔ ልጅ ውሃ ያረባል" ይል ነበር። ታምራት ግድ አልነበረውም። ከሣጥኑ ማዶ ተንበርክኮ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ጨፍልቆ ዓይኑን ያፈጥብኛል። በውሃው ውስጥ ፊቱ ሰፍቶ፣ ዓይኑ ጎልቶ ሲታየኝ እየጮህኩ እሮጣለሁ፤ ተመልሼም ድገመው ብዬ እለምነዋለሁ።

ለብሔራዊ ውትድርና በተጠራ ሰሞን ሣጥኑ በአንድ ማዕዘኑ ማፍሰስ ጀመረ። በጋው እንጨቱን አኮማትሮት ስቱኮው ተሰንጥቆ ነበር። ታምራት ሊደፍነው ጊዜ አላገኘም። ከሥሩ የወተት ዱቄት ጣሳ አስቀመጠለትና ሊሄድ ሲል እናቴን "እማዬ፣ ስመለስ እኔው እደፍነዋለሁ። ማንም እንዳይነካብኝ። በተለይ አባባ፤ እሱ ከነካው የግሬደር ግሪስ ነው የሚቀባው" አላት። አባባ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ስለነበር ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ግን ነገሩን እንደ አደራ ነው የያዘችው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ቀንና ማታ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ነበር። ጣሳው ሲሞላ ወደ ሣጥኑ የምመልሰው እኔ ነኝ። እንግዳ "ይሄን ነገር ለምን አታስደፍኑትም?" ሲል እናቴ "ባለቤቱ ሲመጣ ይደፍነዋል" ትል ነበር፤ ስትለውም ፊቷ ያበራል።

ወሬው የመጣው እናቴ ታናሽ ወንድሜን በወለደች በሳምንቱ ነው። ከታምራት ጋር የዘመተ አንድ የካኮ ልጅ እግሩን አጥቶ ወደ አገሩ ተመልሶ ኖሮ፣ አባባ ካኮ አካባቢ መንገድ ሲጠርግ ገበያው ዳር አገኘው። ልጁ አልደበቀውም፤ ሲወድቅ አጠገቡ ነበርኩ አለው። አባባ ያን ቀን ቤት ሲገባ አልተቀመጠም። እኔን ወደ ጓሮ ጠርቶ ከእንሰቱ ሥር ቆመና ነገረኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እናቴ አራስ ስለሆነች ቤቱን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ፣ ከእኔ ቢደብቅ እንደማይዘልቅ ገብቶት ይሆናል። አፌን በእጁ ይዞ ነው ያስለቀሰኝ።

"ከሰማች ወተቷ ይደርቃል" አለኝ። "ይሄ ሕፃን ደግሞ ሌላ ጡት የለውም። እስከ ክርስትናው ሆድ ይፍጀው። ከዚያ ሽማግሌ ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን። ትችያለሽ?"

እችላለሁ አልኩት። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁሉ አልበረከቱም ነበር፤ አንደኛዋን ስንቀብር እኔም ደርሼበታለሁ። የአሁኑ ሕፃን ደግሞ ሲወለድ የድመት ግልገል ያህል ነበር፤ ሲጠባ እንኳ በመሃል ደክሞት ይተኛል። ታምራት አንዴ ሄዷል። እኔና አባባ የያዝነው ይሄኛውን ነበር።

ወሬ መቼም ክንፍ አለው፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ከእናቴ በቀር። ለአራስ ጥየቃ የሚመጡት ሴቶች አጥሩ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው፣ ጉሮሯቸውን አጥርተው፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" እያሉ በሳቅ ይገቡ ነበር። ጠጅ ቤት ያላቸው እትዬ ወርቄ ከሁሉም በላይ ይስቃሉ። አንድ ቀን ጓሮ ስወጣ ግን የኩሽናውን ምሰሶ አቅፈው ሲንሰቀሰቁ አገኘኋቸው። አዩኝና "ጭሱ ነው ልጄ" አሉኝ። እሳት አልነበረም። ያን ጊዜ ቤታችን ሰው እንደሞላው ሁሉ ታምራትም በየጥጉ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ እሱ ነው፣ ውጭ ሰው ሲያፏጭ እሱ ነው። በቀን ብርሃን እፈራ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሙቀቱ በረታና ፍሳሹ ባሰበት። ጠብ ጠብ ይል የነበረው ያለ ማቋረጥ ይወርድ ጀመር። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማዋለች። "አስቴር፣ ውሃው ዛሬ ፈጠነ። ዓሣዎቹ አሉ?" ትለኛለች። አሉ እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቀኛለች። ውሃው ካለቀ ታምራት አንድ ነገር ይሆናል የሚል ሐሳብ ገብቷት እንቅልፍ አጣች፤ ምግብም ቀነሰች። ጡቷ ሲሸሽ ሕፃኑ መነጫነጭ ጀመረ። አባባ ያን ሲያይ "ይሄን ሣጥን ዛሬ ካልደፈንኩት ሰው አይደለሁም" ብሎ ተነሣ።

ዓሣዎቹን ሕፃኑ በሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ ጨመርናቸው። ሣጥኑን ግቢ አውጥተን በስቱኮ ደፈንነው፤ ውሃ ሞልተን ለሙከራ አንድ ዓሣ ስንመልስበት ስቱኮው እንደ ወተት ሟሟና ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። አባባ "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" እያለ ፋቀው። ሬንጅ ልሞክር ብሎ ነበር፤ በራሱ ጊዜ ተወው። በመጨረሻ እትዬ ወርቄ ከጠጅ ጋን ላይ የተገፈፈ ሰፈፍ በቅርጫት ላኩልን። አፍልተን በጨርቅ አጠለልነው፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቂጣ የጋገረ ቢጫ ሰም ከላይ ሰፈፈ። አባባ መጋጠሚያውን በፀሐይ ካደረቀ በኋላ ሰሙን እያቀለጠ አፈሰሰበት፤ በጋለ ቢላ ዳመጠው፣ በአውራ ጣቱም ጠቀጠቀው። ንቦች ከየት እንደመጡ እንጃ፤ በማሩ ሽታ ተስበው ዙሪያችንን ከበቡን። አባባ ጣቱን ሲነድፉትም አልተወም። በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ ያለ አይመስለኝም። እናቴ "ዛሬ ምነው ድምፁ ጠፋ?" ስትለኝ "እያጠብነው ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ወደ ቦታው መልሰን በውሃ ሞላነው። ጠበቅን። ጠብ የሚል ነገር የለም። ዓሣዎቹን መለስናቸው፤ ተበትነው ዞሩና ተሰበሰቡ። አባባ ማዕዘኑን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ከሣጥኑ ማዶ ተንበረከከ፣ ፊቱንም ወደ መስታወቱ አስጠጋ።

በውሃው ውስጥ ያየሁት አባባን አልነበረም። ፊቱ ሰፋ፣ ዓይኑ ጎላ፤ ያ ፊት የታምራት ነበር። ከወጣ የማይመለስ ጩኸት ከአፌ ወጣ። "ታምራት!" አልኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ በባዶ እግሯ ወጣች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል፣ ፊቷ በሙሉ ይስቃል። "መጣ? የት አለ? ልጄ መጣ?" እያለች በሩን፣ እኔን፣ ውጭውን አየች። አባባ ከሣጥኑ ጀርባ ቀስ ብሎ ተነሣ። እሱ መሆኑን ስታይ ገና ፈገግታው ከፊቷ አልጠፋም ነበር። ከዚያ ጣቱን አየች፤ በሰም ቢጫ ሆኖ በንቡ ንድፊያ አብጧል። ማዕዘኑን አየች፣ ከሥሩ ያለውንም ደረቅ ጣሳ አየች።

"ለምን ደፈንከው?" አለችው።

"ላሳርፍሽ ብዬ ነው። እንቅልፍ ስለነሳሽ..."

"እሱ ሲመጣ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?"

አባባ መልስ የማያጣ ሰው ነበር፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ሊቀመንበሩን ያስቃል። ያን ጊዜ ግን በሰም የተለበጠ ጣቱን በሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር። እኛ ቤት ውስጥ እኔና አባባ የታምራትን መሞት ስለምናውቅ እንደምናውቅ ሆነን ሠራን፤ ለእሷ ግን ታምራት በመንገድ ላይ ያለ ሰው ነበር፣ ሥራውም ይጠብቀው ነበር። አደራውን ከነካነው ባለቤቱ የለም ማለት ነው። ያን ለማወቅ ሌላ ሰው አላስፈለጋትም።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ አልጮኸችም። ጩኸቱ እንዲመጣ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ጆሮዬን ልይዝም እጄን አንሥቼ ነበር። እሷ ግን መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጡቷን አውጥታ ለሕፃኑ ሰጠችው፣ ጭንቅላቱን በእጇ ደገፈች። ዓይኗን ከእሱ ሳታነሣ "ምንም እንዳትለኝ" አለችው አባባን። "ልጁ ይጥባ። ሽማግሌዎቹ በወጉ እስኪመጡ ድረስ ምንም እንዳትለኝ።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሳስብ እስከ ዛሬ ይጨንቀኛል። ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ ማንም አይናገርም። እንግዶች እየሳቁ ይገባሉ፤ እሷም "ለታምራት ወንድም ወለድኩለት" እያለች ታሳያቸዋለች። ስለ ታምራት የምታወራው እንደ ሕያው ነው። ሴቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ የሚያባብሏቸው የእሷ ቃላት ነበሩ፤ እነሱ ግን የሚያታልሏት ይመስላቸዋል። የቀረበላትን ገንፎ አንድም ሳታስተርፍ ትበላለች፤ እንባዋን ለመዋጥ እንደምትጎርስ አውቃለሁ። ሕፃኑን ስታስተኛ በእናቷ ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ ታንጎራጉርለታለች፤ ዜማው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጥና እንደገና ትጀምረዋለች። ሣጥኑ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። እኔ ግን ይሰማኝ ነበር። ምሳ እየበላን እያለ ጠብ ሲል እሰማና ቀና ስል እናቴም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ዓይን ለዓይን እንገጣጠምና ሁለታችንም ወደ ሳህናችን እንመለሳለን።

ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ሰዎቹ ማን ቀድሞ እንደሚናገር እየተገፋፉ ሲገቡ እናቴን ጥቁሯን ለብሳ፣ ጸጉሯን ፈትታ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኟት። ሕፃኑን ጠግቦ እስኪተኛ አጥብታ ለእኔ ሰጥታኝ ነበር። "ግቡ፤ ጠብቄያችኋለሁ" አለቻቸው። ከዚያ ይዛው የቆየችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣችው። የዚያን ቀን ለቅሶዋን ገበያ ድረስ ሰምተነዋል ያሉ አሉ። ወተቷ ግን አልደረቀም። ወንድሜ አድጎ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ስለዚያ ዘመን ስነግረው "አንቺ ደግሞ ታጋንኛለሽ" ይለኛል።

እናቴን ከዓመታት በኋላ ጠይቄያታለሁ፤ እንዴት ቻልሽው አልኳት። "የእናንተን ድካም አይቼ ነዋ" ነው ያለችኝ፤ "ሰው እንደዚያ ለፍቶ ሲደብቀኝ እንዴት ብዬ አልደበቅም?" በልጅነቴ ያ ዝምታ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ያን ሁሉ ሰው በአንዲት አራስ ዙሪያ አጥር ያደረገው ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አባባ ሲሞት እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ታሟል ድረሽ ተብዬ ወደ ጂንካ ስሄድ አውቶቡሱ ወይጦ ላይ ለምሳ ቆመ። ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ ተንጫጫ፤ ከፈትኩት። የአባባ ፎቶ ነበር፣ ከሥሩም "ነፍስ ይማር"። የለጠፈውን ሰው በደንብ አላውቀውም። ከአጠገቤ ሰዎች ማንጎ ይበላሉ፣ ረዳቱ ተሳፋሪ ይጠራል። ከሥሩ ስንት ሰው እንደጻፈበት አየሁ፤ ሁሉም ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል፣ ሁሉም ለእኔ ነግሮኛል። አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። መንገዱን ድሮ አባባ ነበር የሚጠርገው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት "ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። ከወይጦ እስከ ጂንካ ብቻ እንኳ የሚዋሸኝ ሰው ፈለግሁ፤ አልነበረም።